ይድረስ ለወዳጄ፣ ስለ አንዲት የዚንክ ሳንቲም

ይድረስ ለወዳጄ፤

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ የጻፍሁልህ ቸግሮኝ እንጂ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ አይደለም፤ ወቀሳህን ገና ሳትሰነዝረው ተቀብያለሁና ይቅር ብለኸኝ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት፣ በልጅነታችን በቆርኪ ስንገበያይ እንደነበር (አንተም የተጣመመውን እየመረጥህ ትከፍለኝ እንደነበር) ሳጫውታቸው፣ ከአያታቸው የወረሱትን ሳንቲም አውጥተው አዋሱኝ። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ግራጫ፣ ቀላል የ50 ፕፌኒግ (የጀርመኖች የድሮ ዝርዝር ገንዘብ) ሳንቲም ሲሆን፣ ያሳተመው መንግሥት ሳይሆን አያትየው ተቀጥረው የሠሩበት ፋብሪካ በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ ሕዝቡ የብሩን ሳንቲም በየቤቱ ስለ ደበቀ፣ መንግሥትም ኒኬሉንና መዳቡን ለጦር መሣሪያ ስለ ሰበሰበ፣ ለደመወዝም ሆነ ለዳቦ መልስ የሚሆን ዝርዝር ጠፋ። ያን ጊዜ ከተሞችና ፋብሪካዎች ከዚንክና ከብረት የራሳቸውን ሳንቲም ማሳተም ያዙ፤ ስሙንም ኖትጌልድ፣ የችግር ገንዘብ፣ አሉት። ባለሱቁ መልስ የለኝም ብሎ ማስቲካ ሲሰጠን የነበረውን ያስታውሰኛል፤ ልዩነቱ ማስቲካውን መልሶ የሚቀበለን አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በሳንቲሙ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር አይቼ ቆሻሻ ነው ብዬ፣ እናቴ የነሐስ ትሪዋን በሎሚ እያሸች ስታወለውል ትዝ ብሎኝ፣ በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፍሁት። ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ እየጸዳ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስልክ አናግሬ ስመለስ የአምስቷ ቁጥር ሆድ ተበልቶ፣ የፋብሪካው ስም የመጨረሻ ፊደላት የተላሱ መስለው አገኘኋቸው። ይህ ሳንቲም የማይሰን የሸክላ ፋብሪካ በ1921 ለጀርመኗ ግዛት ለሳክሶኒ ከሠራቸው ቡናማ የሸክላ ሳንቲሞች አንዱ ቢሆን ኖሮ ሎሚው ምንም ባላደረገው፤ ቢለፌልድ ከተማ በሐር ላይ ካሳተመቻቸው ገንዘቦችም ቢሆን ምናልባት በካውያ እተኩሰው ነበር!

ይህን የምነግረው ላንተ ብቻ ነው፦ ተመሳሳዩን ሳንቲም በጥቂት ዩሮ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ነገር ግን አያትየው ጠርዙ ላይ በሚስማር የጫሩት አንድ መስመር ነበረ፤ አሮጊቷ ሲያሳዩኝ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱት ነበር። እሱም ጠፍቷል። ትናንት ማታ ሚስማር ፈልጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሁና፣ እንደ ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ያን መስመር መልሼ ልጭረው እችል እንደሆነ ሳስብ አመሸሁ። አልገዛሁትም፤ ሚስማሩ ግን እስካሁን እዚያው አለ።

አንተ ለተማሪዎችህ ኬሚስትሪ የምታስተምር ሰው ነህና ንገረኝ፤ በተጣራ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ በጨርቅ አድርቄዋለሁ፤ ሎሚው ውስጡ ቀርቶ መብላቱን ይቀጥል ይሆን? ልቀባው የሚገባ ነገርስ አለ? ወይስ ከእንግዲህ እጄን ብሰበስብ ይሻላል? እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ፤ እኔም ለማንኛውም በጀርመንኛ እንዴት ብዬ እንደምጀምር እየተለማመድሁ ነው። እባክህ ከቅዳሜ በፊት መልስልኝ።

ወዳጅህ