አባዬ፣ «ትምህርት ላይ ናት» ማለቱን ተወው

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ስኳርህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ሊዮን ዝናብ ይዟል፣ ሦስት ቀኑ ነው።

ስልክ ላይ እንደማይሆን ስለማውቅ ነው የምጽፍልህ። ስልክ ላይ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ መጨረሻ ላይ እማዬ ስልኩን ትነጥቅህና «ብርዱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ባለፈው እሑድ የእማዬ ማኅበርተኞች በቪዲዮ ሲያወሩኝ አንዷ «ትምህርቱ እንዴት ነው? መቼ ነው የምትመረቂው?» አለችኝ። የምን ትምህርት? ግራ ገባኝ። በኋላ እማዬን ሳፋጥጣት ወሬው ከአንተ የወጣ መሆኑን ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያን ላይም፣ ቡና ቤትም፣ ለጠየቀህ ሁሉ «ፈረንሳይ ትምህርት ላይ ናት» ትላለህ አሉ።

አልተቀየምኩህም፣ ይገባኛል። ዲቪ ሲደርስህ ያለቀስከውን አስታውሳለሁ። ከድሬ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ተመላልሰህ፣ ኤምባሲ በር ላይ በሌሊት ተሰልፈህ ያመጣኸንን አገር ልጅህ ጥላ ሥራ ፍለጋ ሌላ አገር ሄደች ብሎ ለሰው መናገር ቀላል አይደለም። ሰው «ምን አጥፍታ ነው?» ነው የሚለው። ለፈረንሳይ ቪዛ ዋሽንግተን ያደረስከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ፎልደሬን ይዤ ልወርድ ስል መሪውን እንደያዝክ «ከአሜሪካ ወጥቶ ቪዛ የሚለመንበት አገር አለ እንዴ?» አልከኝ። አብረኸኝም አልገባህም። መኪናዋ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥክ፣ እኔ ስመለስ ደግሞ ሳምቡሳ ገዝተህ ጠበቅከኝ።

እንግዲህ እውነቱን ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ ደብቄህ የነበረውንም ጨምሬ።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ከአሜሪካ ወጣቶችን እያመጣ በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚያስለማምድበት ፕሮግራም ነው፣ ይህን ታውቀዋለህ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ 7 ወር ነው። በሳምንት 12 ሰዓት፣ በወር 800 ዩሮ አካባቢ። ለሊዮን ቅርብ በሆነችው ሴንት ኤቲየን ከተማ ሦስት ሆነን አንድ ቤት ተከራይተን እንደምንም ኖርንበት። ተማሪዎቹ «አሜሪካዊት ነሽ? እውነት? መጀመሪያ ከየት ነሽ?» ይሉኝ ነበር። ድሬዳዋ ስላቸው ካርታ ላይ ፈልገው አገኟት።

ችግሩ የመጣው ኮንትራቱ ሲያልቅ ነው። ቪዛዬ ከዚያ ሥራ ጋር የታሰረ ነበር። ሥራው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። አባዬ፣ እኔም እንዳንተው ሰማያዊው የአሜሪካ ፓስፖርት በር ሁሉ የሚከፍት ይመስለኝ ነበር። ለመዝናናት ከሆነ አዎ፣ 90 ቀን ማንም ምንም አይልህም። ለሥራ ግን አይሠራም። ፖርቱጋላዊው ወይም ሮማንያዊው ዛሬ ከባቡር ወርዶ ነገ ሥራ ሊጀምር ይችላል። እኔን የሚቀጥረኝ ድርጅት ግን መጀመሪያ መንግሥትን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በአብዛኛው ደግሞ የሥራ ማስታወቂያው በመንግሥት የሥራ ማገናኛ ላይ ሦስት ሳምንት ወጥቶ እዚያው ካሉት ሰዎች የሚመጥን እንዳልተገኘ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ ጣጣ ለአንዲት እንግሊዝኛ ለምትችል ልጅ ብሎ ማን ይገባበታል? ፕሬፌክቱር፣ የውጭ አገር ሰው ወረቀት የሚጨርስበት የመንግሥት ቢሮ፣ ሄጄ ስሰለፍ ከፊቴ የማሊ ልጅ ነበር፣ ከኋላዬ ልጅ ያዘለች ብራዚላዊት። አንድ መስመር ላይ ነበርን። አንተ አዲስ አበባ ላይ የቆምክበትን ሰልፍ ያን ቀን ነው የገባኝ።

83 ቦታ አመለከትኩ። ቆጥሬዋለሁ። መልስ የሰጡኝ 11 ናቸው፣ ከ11ዱ ዘጠኙ የወረቀቴን ነገር ሲሰሙ በትህትና ተሰናበቱኝ። አንዱ ድርጅት ሦስት ጊዜ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ፣ የጠረጴዛዬን ቦታ ሳይቀር አሳይቶኝ፣ በመጨረሻ «ፈቃድ የሚያስፈልግሽ መሆኑን አላስተዋልንም» አለኝ። ሲቪዬ ላይ ከላይ ጽፌው ነበር እኮ! ያን ሰሞን ነው ስልክ የማላነሳልህ የነበረው። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ያልኩህ ውሸት ነበር። እንግዲህ እኔም ዋሽቻለሁ፣ እኩል ነን።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ፈረንሳዮች ማመልከቻ ሲጽፉ ልክ እንደኛ ናቸው። መጨረሻው ላይ «ክቡርነትዎ ከፍ ያለ ሰላምታዬን እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ» የሚል ሐረግ አለ፣ ሳይጎድል ሳይጨመር ትጽፈዋለህ። አብራኝ የምትኖረው የኦሃዮ ልጅ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን አንተ ለቀበሌ ማመልከቻ ስትጽፍ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» የምትለው ነው ትዝ ያለኝ። አንቱታውም እንደዚያው። እሷ ማንን አንተ፣ ማንን አንቱ እንደምትል እስካሁን ግራ እንደገባት ነው። እኔ ለዚህ እማዬን አመሰግናለሁ። እንዳንተ ቢሆን ኖሮ የድሬ ልጅ ነህና ሥራ አስኪያጁንም አንተ ብዬው ከበር እመለስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከአንድ ትንሽ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ተጠራሁ። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አጥተው ሁለት ወር ፈልገዋል። ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሴት ቀዝቃዛ ነበረች። ሲቪዬን እያገላበጠች «የጉምሩክ ሥራ ሠርተሽ አታውቂም፣ ዴክላራሲዮን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ዲክላራሲዮን! ዕቃ ለጉምሩክ የሚታወቅበት ያ ወረቀት! አባዬ፣ ቃሉን ስሰማ ድሬ ከዚራ ያለው ቢሮህ ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘኸኝ ትሄድ የነበረው። በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን እያስገባህ ስትጽፍ እኔ ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም እመታ ነበር፣ ማታ እማዬ ጣቴ ላይ ያለውን ወይንጠጅ ቀለም በሎሚ ስታሸኝ ታመሽ ነበር።

«አባቴ ትራንዚተር ነበር» አልኳት። ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ሰው ለማለት በአማርኛ እንደምንለው ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና «ትራንዚቴር? የት?» አለች። ቃሉ ለካ የእነሱ ነው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ስለ ጅቡቲ ወደብ፣ ስለ ባቡሩ፣ ዕቃው ከመርከብ ወርዶ ድሬ እስኪደርስ ስንት ወረቀት እንደሚከተለው፣ አንተ እራት ላይ ስታማርር የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። አንድ ወረቀት ሲጎድል ዕቃው መጋዘን ውስጥ እንደሚቀርና ኪራዩ በየቀኑ እንደሚቆጥር ስነግራት ሳቀች። ሰዋስዌ ገደል ገብቶ ነበር፣ ግን ማን አየው። አንተ ዋሽንግተን ላይ 19 ዓመት ታክሲ ስትነዳ ስለዚያ ሥራ አንድ ቀን አንስተህ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኩህም።

ፈቃዱን እነሱ ጠየቁልኝ። ማስታወቂያው ሦስት ሳምንት ወጣ፣ ከዚያ ነሐሴ ገባና አገሩ ሁሉ ለእረፍት ተዘጋ። ደብዳቤው የመጣው መስከረም ላይ ነው። የሁለት ወር የሙከራ ጊዜዬ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አለቀ። አሁን ቋሚ ነኝ። እዚህ «ሴ ዴ ኢ» ይሉታል። ማብቂያ ቀን የሌለው ኮንትራት ነው። ቤት ስትከራይ ከስምህ ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ደመወዙን ትጠይቀኛለህ፣ አውቃለሁ። እጄ ላይ የሚደርሰኝ 1,900 ዩሮ ነው። አዎ፣ አሜሪካ ቤተዝዳ ሳለሁ ከነበረው ያንሳል፣ በጣም ያንሳል። ግን በሳምንት 35 ሰዓት ነው፣ በዓመት 5 ሳምንት የሚከፈልበት እረፍት አለኝ፣ የሜትሮዬን ግማሽ ይከፍሉልኛል። ባለፈው ወር ሐኪም ጋ ሄጄ 30 ዩሮ ከፈልኩ፣ አብዛኛው ተመልሶልኛል። ኢንሹራንሱ ሳይገባ ጥርስህን ይዘህ የከረምክበትን ክረምት አስብ። ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሳንድዊች ስበላ አለቃዬ መጥታ ሕጉ አይፈቅድም ብላ አስነሳችኝ። እውነቷን ነው፣ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ምሳ መብላት በመሠረቱ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። ሁለት ባንኮች የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ስላቸው ሒሳብ አልከፍትም አሉኝ። በ2010 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንኮች የዜጎቹን ሒሳብ እንዲያሳውቁት ያስገድዳቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ራስ ምታቱን አይፈልጉትም። ሦስተኛው ተቀበለኝ። ታክስም በየዓመቱ ለአሜሪካ መሙላት አለብኝ፣ የምከፍለው ባይኖርም። የጤና ካርዱ የልደት ወረቀቴን ካላየሁ ብሎ አክስቴ ከድሬ እስክትልክልኝ፣ ከዚያ በመሐላ አስተርጓሚ እስኪተረጎም ወራት ፈጀ። አስተርጓሚው ራሱ የስማችን ነገር አልገባውም። አባትና ልጅ እንዴት የቤተሰብ ስማቸው ይለያያል ብሎ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻው ስም የአያቴ ነውና ቢሮ ውስጥ ሁሉም የሚጠራኝ በእሱ ነው። ምድር ባቡር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ፈረንጆቹን «ሙሴ» ሲል የኖረውን ሰውዬ ዛሬ ፈረንሳዮች «ማዳም» እያሉ ይጠሩታል። ቢሰማ ምን ይል ነበር?

እና አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ለጠየቀህ ሰው ሥራ ላይ ናት በል። ምን ሥራ ካሉህ ትራንዚተር ናት በላቸው። የድሬ ሰዎቹ ይገባቸዋል፣ ለአዲስ አበቦቹ ታስረዳለህ።

ጥር ላይ ጥምቀትን ካከበራችሁ በኋላ ሁለታችሁም ኑ። ፓስፖርታችሁ የሚያልቅበትን ቀን እይልኝ፣ የእማዬ የቀረበ ይመስለኛል። ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ሶፋው ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፣ ደረጃ ግን አለው፣ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ለጉልበትህ ቀስ እያልን እንወጣለን። በርበሬና ሽሮ አምጡልኝ፣ በደንብ ታሽጎ። ቅቤ እንዳታመጡ! ከአሜሪካ ወደዚህ የወተት ነገር ይዞ መግባት አይፈቀድም። እማዬ በካልሲ ጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ ልትሸጉጠው እንደምትችል አውቃለሁ፣ አንተ ፈትሽልኝ። አሁን የጉምሩክ ሰው ነኝ፣ አታዋርዱኝ።

ልጅህ