አያትሽ ጠገራውን መቼ ነው ያገኙት?

አንቺዬ፣

እንደምን ከረምሽ? አውቃለሁ፣ ካለፈው ዓመት ፋሲካ ጀምሮ ድምፄ ጠፍቷል። የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንዴም አልመለስኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። አሁን ካነሳሁት ደብዳቤው እዚሁ ይቀራል። እትዬን ሳሚልኝ፣ የምጠይቃቸውም ነገር አለኝ።

መጀመሪያ የገባሁበትን ልንገርሽ። የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ሳቅሽ እስከዚህ ይሰማኛል! በኒዶ ጣሳ ሳንቲም የምታጠራቅሚው አንቺ ነበርሽ፣ አንዷን ለከረሜላ አውጪ ሲሉሽ ጣሳውን አቅፈሽ የምትሮጪ ቋጣሪ።

ነገሩ በአንድ ፔኒ ነው የጀመረው። ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ እዚህ ለንደን በፖርቶቤሎ ገበያ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ የጠቋቆሩ ሳንቲሞች በሳጥን ሞልተው አንዱን በአንድ ፓውንድ ይሸጣሉ። እጄን ሰደድኩና አንድ አወጣሁ። የንግሥት ቪክቶሪያ ፔኒ ነው። በአንድ በኩል ፀጉሯ ከኋላ ተጠቅልሎ ታስሯል። በሌላው በኩል ባለ ሦስት ጣት ጦር የያዘች ሴት ተቀምጣለች፣ በስተግራ የመርከቦች መብራት ማማ፣ በስተቀኝ መርከብ አለ። ከታች ያለውን ዓመት በጥፍሬ ጠረግ ጠረግ አድርጌ አነበብኩት፣ 1862 ይላል። እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለዚችው ንግሥት ደብዳቤ የጻፉበት ዓመት! ያ መልስ ጠፍቶ ስንት ጣጣ ያመጣው ደብዳቤ። እዚያው ገበያ መሀል ቆሜ ያልመለስኩልሽ መልእክት ትዝ አለኝ፣ ፊቴ ጋለ።

ከዚያ ወዲህ በወር 15 ፓውንድ ለዚህ እመድባለሁ፣ ከዚያች አላልፍም። ዕቁቡም ቤት ኪራዩም አልተነካም። በዚያ ገንዘብ ምን ይገኛል እንዳትዪ፣ ብዙ ይገኛል። የነሐስ ፔኒ፣ የፔኒ ሩብ የሆነችውና ትንሽ ወፍ ያለባት ፋርቲንግ፣ አንዳንዴም የብር ሳንቲም። ሦስት ፔኒ የምትባል የጥፍር ያህል የብር ሳንቲም አለች፣ ለገና በሚሠሩት ኬክ ውስጥ ይከቷት ነበር፣ የደረሰችው ሰው ዕድለኛ ነው። ብር ስገዛ መጀመሪያ የማየው ዓመቱን ነው። እስከ 1919 ድረስ 92.5 በመቶው ብር ነበር፣ ከ1920 ጀምሮ ግማሹ ብቻ፣ ከ1947 ጀምሮ የተመታው ላይ ጭራሽ ብር የለም። ይህን ሳላውቅ የ1948 ሽልንግ ብር ነው ብዬ ገዝቼ ነበር፣ ያናድዳል። ብርቅዬውን ለባለሀብት ትቼዋለሁ። እኔ የምወደው ብዙ እጅ ያሸውን ነው።

አሁን ግን ስለ ጋሪ ጎማዋ ልንገርሽ። የ1797 ፔኒ ናት፣ ከወፍራም ጠርዟ የተነሳ የጋሪ ጎማ ይሏታል። ቦልተን የሚባል ሰው በርሚንግሃም ላይ በእንፋሎት ማሽን ነው ያስመታት። አንድ ፔኒ ስትባል የአንድ ፔኒ መዳብ ይኑርባት ተብሎ ስለተሠራች ከባድ ናት፣ 28 ግራም። የሁለት ወር በጀቴን አጠራቅሜ ገዛኋት። የንጉሡ አፍንጫ ጠፍቷል፣ ጠርዟ ላይ ተቦርቡሮ የተጻፈው ስሙ ግን አሁንም ይነበባል። ሽማግሌው መዳፌ ላይ ሲያስቀምጧት እጄ ያን ክብደት አወቀው። ቦሌ ስትሸኚኝ በመዳፌ ያስጨበጥሽኝ፣ አያትሽ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያስሩት የነበረው ጠገራ ብር ልክ እንዲህ ነው የሚከብደው።

እንግዲህ ደረስኩ። ጠገራውን አጥቤዋለሁ። ያን ፋሲካ ላስረው ብዬ፣ ጥቁረቱ እድፍ መስሎኝ፣ በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ ፈተግኩት። አበራ። ቀረብ ብዬ ሳየው ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት፣ የማርያ ትሬዛ ጉንጭ በሙሉ ተቧጭሯል። ሳንቲም እንደማይታጠብ፣ ያ ጥቁረት የዕድሜው መሆኑን፣ አንዴ ከሄደ እንደማይመለስ ያወቅኩት በኋላ ነው። በሳምንቱ ያንቺ መልእክት ደረሰ፣ «እትዬ የእናቷን ብር ማየት ትፈልጋለች፣ ፎቶ ላኪልን» የሚለው። ምን ብዬ ልላክ? ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ይኸው ዓመት አለፈ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ጠገራው አንድ ነገር ስለሰማሁ ነው። ላዩ ላይ ያለው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ በ1935 የመምቻውን ማኅተም ከቪየና ወሰደች፣ እንግሊዞችም ከ1936 ጀምረው እዚሁ ለንደን ይመቱት ገቡ። የገንዘብ ማምረቻቸው ያኔ ታወር ሂል ነበር። ሥራ የምሄድበት አውቶቡስ በየማታው በዚያ ያልፋል! ያያትሽ ብር ከዚያ ግቢ ወጥቶ፣ አገር ቤት ደርሶ፣ በእኔ እጅ ተመልሶ መጥቶ ይሆን? እንቅልፍ ነሳኝ።

እትዬን ጠይቂልኝ። አያትሽ ያገኙት ከእናታቸው ወርሰው ነው ወይስ ለሠርጋቸው ተሰጥቷቸው? ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ የለንደን አይደለም። በኋላ ከሆነ ግን ሊሆን ይችላል። ያስታወሱትን ሁሉ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በራሳቸው ድምፅ ቅጂልኝ።

ፎቶውን አብሬ ልኬዋለሁ። በመስኮት ብርሃን ነው ያነሳሁት፣ ጭረቱ በደንብ ይታያል። ለእትዬ ሳትደብቂ አሳያቸው። የሚሉኝን ይበሉኝ፣ በዚያው ቀን እደውላለሁ።