ውስኪ ላይ ውኃ ማድረግ ነውር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ውስኪ አጠጣጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጽሑፉ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ ደህና ነበር። እዚያ ሲደርሱ ግን ጸሐፊው ውስኪ በደረቁ ካልተጠጣ አልተጠጣም፣ ውኃም ሆነ በረዶ የሚጨምር ሰው መጠጡን አያውቀውም ብለው ቁጭ አሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ውስኪ ማወቅ ሳይሆን ሰው ፊት አዋቂ መምሰል ነው።

እስቲ ከራሱ ከውስኪው እንነሳ። ስኮትላንድ ውስጥ በርሜል ውስጥ ቆይቶ የሚወጣ ውስኪ ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 60 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ጠርሙሱ ላይ ግን የምናነበው 40፣ 43 ወይም 46 ነው። ልዩነቱ የት ገባ? ፋብሪካው ውኃ ጨምሮበት ነዋ! የአገሩ ሕግ ከ40 በመቶ በታች አታሽጉ ይላል እንጂ ውኃ አትጨምሩ አይልም። ስለዚህ በደረቁ ነው የምጠጣው የሚለን ሰው ውኃውን እየጠጣው ነው። የጨመረለት ሌላ ሰው ስለሆነ ብቻ አይቆጥረውም።

ሌላም አለ። በፋብሪካዎቹ ውስጥ በርሜሎቹን እያሸተቱ የሚመርጡትና የሚያዋህዱት ባለሙያዎች ናሙናውን ብዙውን ጊዜ እስከ 20 በመቶ አካባቢ አቅጥነው ነው የሚያሸቱት። ጠንካራ አልኮል አፍንጫ ያደነዝዛላ። እንጀራቸው የሆነው ሰዎች ውኃ ከጨመሩ እኛ ምን ቤት ነን?

ማመን ያቃተው ይሞክረው። ከበርሜል ወጥቶ ሳይቀጥን የታሸገ፣ 58 በመቶ የሚል ውስኪ ካገኛችሁ ትንሽ ቅዱና አሽቱት። መጀመሪያ የሚመጣው አልኮሉ ነው፣ አፍንጫ ይወጋል፣ ዓይን ሁሉ ያስለቅሳል። አሁን በሻይ ማንኪያ ጫፍ ውኃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው ወዲያው አይደባለቅም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ ካደረጋችሁት ዘይት የመሰለ ቀጭን ክር እየተጠማዘዘ ወደ ታች ሲወርድ ታያላችሁ። አንድ ደቂቃ ታገሱትና እንደገና አሽቱት። ቅድም ያልነበረ የማር ጠረን፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዳንዴ ደግሞ አሁን የተላገ እንጨት ብቅ ይላል። ያው ውስኪ ነው፣ የተለየ ነገር አልገባበትም። እንደዚያ እያላችሁ ጠብታ በጠብታ ትቀጥሉና ጣዕሙ የሚመቻችሁ ቦታ ላይ ታቆማላችሁ። የት ላይ እንደምታቆሙ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ስዊድን ውስጥ የሊንየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ነገር በኮምፒውተር አስልተውት ነበር። ለውስኪ የጭስ ጠረን ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ጓያኮል ይባላል። አልኮሉ በጣም ሲበዛ ጓያኮሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውኃ ተጨምሮ አልኮሉ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል፣ ማለትም ለአፍንጫችን ይቀርባል። የኮምፒውተር ስሌት ስለሆነ እንደ ወንጌል አልይዘውም። ግን አፍንጫዬ ሲነግረኝ የኖረውን ነው ያሉት።

ይሄን ስል ሁሉም ላይ ውኃ ይፍሰስ ማለቴ አይደለም። 40 በመቶ የሆነ ቀለል ያለ ውስኪ፣ ለምሳሌ ሦስት ጊዜ የተነጠረው የአየርላንዱ ዓይነት፣ ውኃ ሲበዛበት ወዲያው ይሞታል። እሱን እኔም በደረቁ ነው የምጠጣው።

በረዶ ላይ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ቅዝቃዜ ጠረኑን ያፍነዋል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። 18 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ውስኪ ላይ በረዶ መከመር ያሳዝናል። ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፣ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ያ ቫኒላ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር ስኳር የሚለው ጣዕም በአብዛኛው ከዚያ እንጨት ነው የሚመጣው። ሲሞቅ ጣፋጭነቱ ይሰለቻል፣ አንድ ትልቅ በረዶ ግን ልኩን ያስይዘዋል። ትልቅ ያልኩት በምክንያት ነው፣ ደቃቁ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ውኃ ያደርገዋል።

በነገራችን ላይ በረዶ ሲገባበት የሚደፈርስ ውስኪ ያጋጠመው ሰው ፎርጅድ ሸጡልኝ ብሎ ይቆጣል። ብዙ ፋብሪካዎች ውስኪውን ከማሸጋቸው በፊት አቀዝቅዘው ያጣሩታል፣ ያኔ ቅባትነት ያላቸው ነገሮች ተለይተው ይቀራሉ። እንደዚያ ያልተጣራው ሲቀዘቅዝ ወይም ውኃ ሲበዛበት ጭጋግ ይለብሳል። ያለማጣራት የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ 46 በመቶና ከዚያ በላይ አድርገው የሚያሽጉትም በጠርሙሱ ውስጥ እንዳይደፈርስባቸው ነው። እኔ እንዲያውም የሚደፈርሰውን ነው የምመርጠው፣ አፍ ውስጥ ወፈር ይላል።

ሶዳን መናቅ ግን ታሪክ አለማወቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን ተክል ስትጨርስ ከወይን የሚሠራው ብራንዲ ጠፋ። ብራንዲ በሶዳ የለመዱት እንግሊዞች ፊታቸውን ወደ ውስኪ በሶዳ አዞሩ፣ የስኮትላንድ ውስኪም ከዚያ በኋላ ገበያው ሰፋለት። ጃፓኖች ደግሞ ሃይቦል ብለው ሶዳውን ጥበብ አድርገውታል፤ ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ይሞላሉ፣ ውስኪውን ያቀዘቅዙታል፣ ከዚያ ሶዳውን በጎን ቀስ አድርገው ያወርዱና አረፋው እንዳይጠፋ ነካ አድርገው ብቻ ይተዉታል። ጃፓን ያማዛኪ የተባለው የውስኪ ፋብሪካዋ ከተመሠረተበት ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውስኪን በቁም ነገር የያዘ አገር ነው። እነሱም አያውቁም ልንል ነው?

ኮካ ላይ ብዙ አልልም። አሮጌ ሲንግል ሞልት፣ ማለትም በአንድ ፋብሪካ ከብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ ላይ ኮካ ሲደፋ ሳይ አንጀቴ ቅጥል ይላል። ግን ገንዘቡም አፉም የሰውየው ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ ከስኮትላንዷ አይላ ደሴት የሚመጣውን ጭሳሙን ነው። ላጋቩሊን፣ አርድቤግ፣ ላፍሮይግ። ብቅሉን የሚያደርቁት ፒት በሚባል ማገዶ ጭስ ነው፣ ከረግረግ መሬት እየተቆረጠ የሚደርቅ፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ። አንድ ወዳጄ ላፍሮይግ አሽቶ «ይሄማ የሆስፒታል ኮሪደር ነው» ብሎ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው። ልክ ብሏል፣ አዮዲን አዮዲን ይሸታል። እኔ የምወደው እሱኑ ነው። ወዳጄ ደግሞ የሼሪ ወይን በነበረበት በርሜል ያረፈውን፣ ዘቢብ ዘቢብ የሚለውን ይወዳል። ተጣልተን አናውቅም። አንዳችን የሌላችንን ጠርሙስ ስለማንነካ ለኪስም ጥሩ ነው።

ጠርሙስ ላይ ስለሚጻፈው ዕድሜም አንድ ነገር ልበል። ጠርሙሱ ላይ 12 ዓመት ከተባለ ከተዋሃዱት ውስኪዎች ውስጥ በዕድሜ ትንሹ 12 ዓመት ነው ማለት ነው። ከታሸገ በኋላ ደግሞ አያረጅም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ 10 ዓመት ያስቀመጠው ሰው የ22 ዓመት ውስኪ ባለቤት አይሆንም። ቀለሙ ጠቆረ ብላችሁም አትታለሉ። የስኮትላንድ ሕግ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቅዳል፣ ብዙዎቹም ይጨምራሉ።

ጸሐፊው መልስ ካላቸው በሚቀጥለው እትም አውጡልን፣ በደስታ አነባለሁ። ግን ከመጻፋቸው በፊት የሚወዱትን ጠርሙስ አንስተው የአልኮሉን መጠን ይዩትና፣ በርሜል ውስጥ ሳለ ስንት እንደነበረ ያጣሩ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ