ጣና ሰሜናዊ ዳርቻም አለው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጣና ደሴቶች ታሪክ፣ ተፈጥሮና መስሕብ በቅርቡ ያስነበባችሁንን ሰፊ ጽሑፍ እኔም እንደ ብዙው አንባቢያችሁ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ከዳር እስከ ዳር ስል ግን ጽሑፉን ነው እንጂ ሐይቁን አይደለም፤ የሐይቁ ሰሜናዊ ዳር በጽሑፉ ውስጥ የለምና።

ብዕር ያስነሣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከጎንደር የሚነሣ ጎብኚ ደሴቶቹን ለማየት የግድ ባሕር ዳር መውረድ እንዳለበት፣ ከዚያ ሌላ መነሻ እንደሌለው፣ ያለ አንዳች ማመንታት ተጽፏል። ከጎንደር ባሕር ዳር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዘዞ ታጥፎ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ጎርጎራ ለመድረስ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ጎርጎራም ወደብ ነው። ልጆች ሳለን ከባሕር ዳር ተነሥታ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እየጫነችና እያራገፈች የምትመጣውን ጀልባ ስንጠብቅ፣ እህል የተሸከመው አህያና ዶሮ ያንጠለጠለው ነጋዴ መቆሚያ ያሳጣን ነበር። በዘጋቢያችሁ ስሌት ያ ሁሉ ሰው በሌለ ወደብ ላይ የሌለች ጀልባ ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው።

የክብራን ገብርኤልና የእንጦስ ኢየሱስ ደሴቶች ለባሕር ዳር እንደሚቀርቡ፣ ጀልባውም ሆቴሉም እዚያ እንደሚበዛ የሚክድ የለም። የመንገዱ ጸጥታ በየጊዜው እንደሚለዋወጥም አውቃለሁ፤ እሱ ግን ወደ ባሕር ዳር ለሚወስደውም መንገድ ያው ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ስለ ደሴቶቹ ታሪክ እየተጻፈ ጎንደር እንዴት ተረሳች?

ጽሑፉ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ገዳም መሆኑን ጠቅሶ ያልፋል። (ቤተሰብ ይዛችሁ ሂዱ ብሎ ሲመክርም ሴት እንደማትገባበት መንገር ዘንግቷል።) ከእነዚያ ነገሥታት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲል መሆናቸውን ግን አልነገረንም። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም፣ እዚህ ከከተማችን በላይ ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ናቸው። ጎንደርን ትቶ የጣናን ደሴቶች ታሪክ መጻፍ ሙሽራውን ሳይጠሩ ሰርግ መደገስ ነው።

ፋሲል ግንባቸውን ከማነጻቸው በፊትስ? አባታቸው አፄ ሱስንዮስ የከተሙት ጎርጎራ ነበር። ለኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መሬት የሰጡትም፣ ከእነሱ አንዱ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈውም እዚያው ነው። ዛሬ ማርያም ግምብ የምንለው ፍርስራሽ ጣሪያው ቢናድም፣ በተጠረበው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው አበባ በጣት ሊዳሰስ የሚችል ሆኖ ይታያል። የአፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት አሣለችው የሚባለው የደብረ ሲና ማርያም መቅደስ ሥዕልም ከጀልባ መነሻው የእግር መንገድ ነው። ማን እንደ አባ መድኃኔ ዓለምም፣ ገሊላም የተባሉት የደሴት ገዳማት በእኛው በኩል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ በስም አልተጠራም።

በተፈጥሮው ክፍል ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውኃ ላይ አረም ተነሥቷል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ግድም ሐይቁን መውረር ሲጀምር መጀመሪያ የታየው በእኛው ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነበር። ያን ጊዜ የደምቢያ ገበሬ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ፎቶ ለማንሣት የመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ በቆላ ድባ የሚያስመጣው መንገድ አልጠፋውም። ለአረም ሲሆን እንገኛለን፤ ለመስሕብ ሲሆን ካርታው ያልቃል። ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆኑት ሦስት የ«ገበታ ለሀገር» የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክቶች አንዱ መሆኑም በእናንተው ገጽ ላይ ሳይወጣ አልቀረም፤ ዘጋቢያችሁ የራሱን ጋዜጣ ቢያነብ ይበቃው ነበር።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ታላቅ ወንድሜ ጎርጎራ ላይ በሚያሠራት ጀልባ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ጽሑፉ በወጣ ሰሞን፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ የአስጎብኚ ቢሮ በራፍ ላይ ቆሜ፣ ሁለት እንግዶች በጎርጎራ በኩል መሄድ ይቻል እንደሆነ ሲጠይቁ ሰማሁ። ሠራተኛው «አይቻልም፤ ጋዜጣውም ጽፎታል» ብሎ ለባሕር ዳር መኪና አስያዘላቸው። ወንድሜ በዚያው ዕለት ቤንዚን ሞልቶ ሰው እየጠበቀ ነበር። ቤንዚኑን በምን ዋጋ እንዳገኘው እንኳ አልጽፍም።

ከዚህ ቀደም ስለ ተመሳሳይ ስሕተት የላክሁት ደብዳቤ መልስ ስላላገኘ የአሁኑን ጥያቄዬን አጭር አደርገዋለሁ። እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ሊነበብ በሚችል ፊደል ይውጣ፤ ከጽሑፉ ጋር የታተመው ካርታም ጎርጎራና ደልጊ ተጽፈውበት ይታረም። ዘጋቢያችሁ መንገዱን በዓይኑ ማየት ቢፈልግ የቆላ ድባ መኪና ከአዘዞ ይነሣል፤ የወንድሜን ስልክ እኔ እሰጠዋለሁ።

የደምቢያ ተወላጅ፣
ከጎንደር