ከመገጭ ግድብ እስከ ቧንቧችን ያለውን በጀት ማን ይይዘዋል? ለአማራ ክልል ምክር ቤትና ለክልሉ ገንዘብ ቢሮ

ክቡራን የምክር ቤት አባላትና የቢሮው ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። አሁን የምጽፈውም ሐምሌ ላይ በጀት ከጸደቀ በኋላ መጮህ ትርፉ ድካም ስለሆነ ነው። ጉዳዩ ውሃ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ግን ስለ ውሃ ሲወራ ሁሉም ሰው መገጭን ጠርቶ ያልፋል፣ እኔ ደግሞ ከመገጭ ቀጥሎ ስላለው ነገር ነው ማውራት የምፈልገው።

የመገጭ ግድብ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም ነው። ለመስኖም ለከተማዋ መጠጥ ውሃም ተብሎ የታሰበ ትልቅ ሥራ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ከአስር ዓመት በላይ ተጓተተ። በዚህ መሃል ከተማዋ በማራኪ በኩልም በአዘዞ በኩልም ሰፋች፣ በየዳገቱ ቤት ተሠራ፣ እና ዳገት ላይ ያለ ሰፈር ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቅበት እሱ ነው። ሰው ሮቶ ገዝቶ ይጠብቃል፣ መግዛት ያልቻለው ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃውን ይጠብቃል።

ግድቡ የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክት መሆኑን እናውቃለን። «እሱ የእኛ አይደለም» ብትሉን ይገባናል። ግን ግድብ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ ቤት ድረስ አያመጣም። ማጣሪያ ጣቢያ ያስፈልጋል። ከግድቡ ወደ ከተማ የሚወጣ ትልቅ መስመር፣ ፓምፕ፣ ለፓምፑ አስተማማኝ መብራት፣ ከፍታ ላይ የሚቀመጡ ማጠራቀሚያዎች፣ ከዚያ በየሰፈሩ የሚገባ ቧንቧ ያስፈልጋል። ግድቡ ነገ ቢያልቅ እንኳ እነዚህ ካልተሠሩ የምናገኘው ቆመን የምናየው ሐይቅ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ማን ይከፍላል? ፌዴራል ነው? ክልሉ ነው? ከተማው በብድር ነው? አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበትና መልሱን ለእኛም በግልጽ ንገሩን።

ከተማው ራሱ ይቻለው እንዳትሉ ደግሞ። የአገሪቱ የውሃ ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን በታሪፍ ይመልስ ይላል፣ በ1994 ዓ.ም የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድም ለከተሞች የሚያበድረው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ሐሳቡ አይከፋም። ነገር ግን በፈረቃ የሚሸጥ ውሃ ገቢውም በፈረቃ ነው። በዚያ ገቢ ደመወዝ ከፍሎ፣ የመብራት ከፍሎ፣ የተሰበረ ፓምፕ ጠግኖ፣ ከዚያ ላይ አዲስ ማጣሪያ መገንባት አይቻልም። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ፓምፕና መለዋወጫ በብር ሲሰላ ዋጋው የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፣ የድሮው ጥናት ላይ ያለው ቁጥር ዛሬ ምንም አይገዛም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር መንግሥት ራሱ ያወጣውን እናስታውስ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ የተቀመጠው ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ጎንደርም እዚህ ውስጥ ናት። 80 ሊትር ማለት አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 20 ጀሪካን። እባካችሁ ይህንን በጋሪ ወይም በባጃጅ ከሚመጣ ውሃ ዋጋ ጋር አባዙት። ቧንቧው የማይደርሰው ሰው ቧንቧ ካለው ሰው ብዙ እጥፍ ይከፍላል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ድሃው እሱ ሆኖ ሳለ። ይህ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እስከዚያው ድረስ ደግሞ ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ አለ። ከዚህ ግድብ በላይ ያለው ተዳፋት እርሻ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩን እያጠበ ያወርድበታል፣ ደለሉ የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ዝናብ ጥሩ ዘንቦም ቢሆን ደለል የያዘውን ቦታ ውሃ አይዘውም። ስለዚህ ከላይ በኩል እርከን መሥራት፣ ተዳፋቱን በዛፍና በሣር መሸፈን የውሃ በጀት ነው። የግብርና ሥራ ነው ተብሎ ወደ ሌላ ቢሮ መገፋት የለበትም። ከተማዋ ውሃ የምታገኝባቸው ጉድጓዶችም መብራት ሲጠፋ ፓምፓቸው ይቆማል። ለጄኔሬተርና ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ ከአዲስ ግድብ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ግን ሪባን ስለማይቆረጥበት ይረሳል። አሮጌ መስመሮችን መቀየርም እንዲሁ። ካረጀ ቧንቧ ከመሬት በታች የሚፈሰውን ውሃ ማዳን አዲስ ውሃ ከመፈለግ ይረክሳል፣ መገጭ ሲመጣም ያው መስመር ያገለግላል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ስለ ጊዜው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምረው ክረምቱ መሃል ነው። ገንዘቡ ተለቆ ጨረታው እስኪወጣ፣ ተገምግሞ ውል እስኪፈረም ወራት ይሄዳሉ። ቁፋሮ የሚመቸው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ጨረታው ጥር ላይ ካለቀ ኮንትራክተሩ ሳይት ገብቶ ሳይሞቅ ዝናቡ ይደርስበታል፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። የጨረታ ሰነዱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተዘጋጅቶ ቢያልቅ፣ ውል መስከረም ላይ ቢፈረም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ይገኛል። ለዚህ ተጨማሪ ብር አያስፈልግም።

በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር ሥራ እንዳከበደባችሁ አይጠፋኝም። ካዝናው ላይም ብዙ እጅ አለ። ግን ይህ ከተማ ውስጥ ከሩቅ ገጠር ታካሚ የሚመጣበት ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ በጥምቀት እንግዳው ከተማውን ይሞላል፣ ያውም ጥር በደረቁ ወቅት። ውሃ እዚህ ቆይቶ ይደርሳል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በሚቀጥለው በጀት ላይ «ጎንደር ውሃ» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ መስመር አታሳዩን። ማጣሪያው ስንት፣ ዋናው መስመር ስንት፣ የአንገረብ ተፋሰስ ሥራ ስንት፣ ጥገና ስንት፣ እያንዳንዱ በየትኛው ዓመት እንደሚያልቅ ተለይቶ ይጻፍ። በአንድ ዓመት የማያልቀው ሥራ የቀጣዮቹ ዓመታት ድርሻው አብሮ ይጽደቅ። ከመጽደቁ በፊትም ሰነዱን በማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ለጥፉልን፣ አንብበን አስተያየት እንስጥበት።

አክባሪያችሁ፣
የጎንደር ከተማ ነዋሪ