በላክሁት ገንዘብ የተነሣ ፎቶ

እማዬ፣ ሰላምታውን ለእሑድ ስልክ ላቆየውና ወደ ነገሩ ልግባ። ትናንት ማታ ወንድሜ ደውሎ፣ ግድ ካልሆነብሽ በቀር ከአልጋ መውረድ ካቆምሽ ሦስት ሳምንት እንደሆነሽ ነገረኝ። «ለእሷ እንዳትነግራት» ብለሽው እንደነበርም ነገረኝ። አትቆጪው፤ ምሥጢር መጠበቅ ድሮም አይሆንለትም።

እንቅልፍ የነሣኝ መተኛትሽ ብቻ አይደለም። የተኛሽው ወገብሽ ፎቶ በተነሣ ማግሥት መሆኑ ነው። የዚያን ፎቶ ገንዘብ የላክሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት አራት ወር ሙሉ ድምፄን አላሰማሁሽም ነበር፤ ወንድሜ «ወገቧን እያማት ነው» ብሎ ሲጽፍልኝ ከመደወል ይልቅ ወደ ባንክ ሄድሁ። ባንክ «ድምፅሽ ምነው ደከመ? መቼ ትመጫለሽ?» ብሎ አይጠይቅም።

ፎቶውን ያዩት ሐኪም «ዲስኩ አልቋል፤ ከእንግዲህ እንዳያጎነብሱ» አሉሽ አሉ። ዲስክ የሚሉት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ ነው። ክፉ አስበው አይደለም። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ጀርባ ፎቶ ሲነሣ ምን እንደሚታይ የመረመሩ ሥራዎችን ሰብስቦ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ዕድሜ ካሉት ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት ይታይባቸዋል። ሁሉም ወገቤን የማይሉ ሰዎች ናቸው። ሽበት ነው እማዬ፤ ቦታው ውስጥ ሆነና ነው እንጂ። ይህን ለሌላው ሁሉ ሳስረዳ ኖሬ፣ የእናቴን ሽበት ፎቶ እንዲያነሡ ከፈልሁ።

ጎረቤቶቹ «ዶክተሯ ልጅሽ ምነው መድኃኒት አትልክም?» ይሉሻል አሉ። አንዴ ይስሙኝ፤ የእኔ ዶክተርነት የጥናት ነው፤ መድኃኒት አላዝዝም። ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ማለት ተማሪነቱ አልቆ መምህርነቱ ገና ያልመጣለት፣ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ነው። ሥራዬን ብታዪው ትስቂያለሽ። ሰው እጠራለሁ፤ ወንበር ላይ አስቀምጬ ጭኑንና ትከሻውን ጫፉ ጎማ በሆነ የግፊት መለኪያ ቀስ እያልሁ እጫነዋለሁ። ግፊቱ ሕመም መሆን ሲጀምር ቁልፍ ይነካል፤ ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ከዚያ የቆመ ብስክሌት አስነዳዋለሁ፤ ወይም ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌ ጉልበቱን አጥፎ እንዲቆይ አደርገዋለሁ። ሲጨርስ ያንኑ ቦታ እንደገና እጫናለሁ። ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከበፊቱ የበለጠ ግፊት ይችላል፤ እንቅስቃሴው ሕመሙን ያለዝብለታል። ሕመም ሥር የሰደደበት፣ ማለትም ከሦስት ወር በላይ የቆየበት ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ይቀልለዋል፣ ሌላው እንደነበረ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ይብስበታል። ለምን? ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህች «ለምን» ነው።

የሚገርመው፣ ከእንቅስቃሴው በፊት ለሰውየው የሚነገረው ቃል ራሱ ውጤቱን ሊለውጠው መቻሉ ነው። «ይቀልልሃል» የተባለና «ይብስብሃል» የተባለ ሰው ያንኑ ያህል ነድተው በአንድ ዓይነት ስሜት ላይወርዱ ይችላሉ። እኔ እዚህ ለማላውቀው ሰው ቃል እየመረጥሁ ስናገር፣ አንቺ «አልቋል» የሚለውን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ገባሽ።

ሕመምሽ የለም ማለቴ እንዳይመስልሽ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ ሕመም ምንጊዜም የግል ስሜት መሆኑንና አመመኝ የሚል ሰው ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ ጽፏል። ስለዚህ «ትንሽ ናት፣ ትተወኛለች» እያልሽ አትሸንግይኝ። ሕመም እንደ ቤት ጠባቂ ውሻ ነው፤ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። ሥር ሲሰድ ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽም መጮኽ ይጀምራል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ሌባው ግን ላይኖር ይችላል።

(ወንድምዓለም፣ ይህን ቅንፍ ለራስህ አንብበው፤ ድምፅህን አታሰማ። ኮንትራቴ ከአምስት ወር በኋላ ያልቃል፤ የሚያራዝመው የምርምር ገንዘብ እስካሁን አልተፈቀደም። የመኖሪያ ፈቃዴም የታሰረው ከእሱ ጋር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሁት «ሁሉ ሰላም ነው» ለማለት ድምፄ እንቢ ስላለኝ ነው። ለሠርግህም የማልመጣው በዚሁ ነው፤ ፈቃዱ ሳይታደስ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይቅር በለኝ። አሁን ቀጥል።)

ሥራዬ ደህና ነው እማዬ፤ ቀኑ ሳይታወቀኝ ይመሻል።

እኔ እንድደርስ ብለሽ የሠርጉን ቀን እንዲያራዝሙት ጠይቀሻል አሉ። አይራዘም። ያን ሰሞን ሥራ ይዞኛል። ሙሽሪትን ያየኋት በስልክ በተላከልኝ ፎቶ ነው፤ እሷ ካሜራውን ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል። ደጋግሜ አየሁት። መራመድ ሲጀምር ሁለት እጁን ይዤ የማስኬደው እኔ ነበርሁ፤ አንቺ ከወዲያ ጥግ ቁጭ ብለሽ «ልቀቂው፣ ቢወድቅ ይነሣል» ትይኝ ነበር። እኔ እፈራ ነበር፤ አንቺ አትፈሪም ነበር።

አሁን ስሚኝ። ሐኪሙ እግርሽ እንደማይደነዝዝ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር እንዳላቃተሽ፣ ትኩሳትም እንደሌለሽ አይተዋል፤ ወንድሜን ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ከእነዚህ አንዱ ቢመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት። ካልመጣ ግን አልጋው መድኃኒት አይሆንሽም፤ ጡንቻ በተኛ ቁጥር ይደክማል። ጠዋት አምስት ደቂቃ ተራመጂ፣ ማታ አምስት ደቂቃ። በሰዓት ለኪው እንጂ በሕመሙ አትለኪው። ባመመሽ ቀንም አምስት፣ ደህና በሆንሽ ቀንም አምስት። አውቅሻለሁ፤ ደህና ቀን ስታገኚ የሳምንቱን ሥራ ባንዴ ልጨርስ ትያለሽ፣ በማግሥቱ መነሣት ያቅትሻል። ሳምንቱ ሲያልፍ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። ትንሽ ቢጠዘጥዝሽ የሆነ ነገር ተሰበረ ማለት አይደለም። ከሐኪሙም ጋር ተነጋገሩበት፤ የእኔን ቃል ከእሳቸው ጋር አታጣሉት።

እኔም፣ ልንገርሽ አይደል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለ እንቅስቃሴ ስጽፍ ወገቤን ያመኛል። ሳቂ።

እሑድ ጠዋት እደውላለሁ፤ ዘንድሮ የገባሁትን ቃል ሁሉ እንዳላከበርሁ አውቃለሁ፣ ይህን ግን አከብራለሁ። ስልኩን ወንድሜ ያንሣው፤ ወደ አልጋሽ ግን እንዳያመጣልሽ። በር ላይ ይዞ ይቁም፤ አንቺ ሂጂበት። ቀስ በይ። እስክትደርሺ እጠብቃለሁ።

ልጅሽ