ስለዘለልሻቸው ቃላት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽም ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ስምሽን ሳያነሡ የሚውሉበት ቀን የለም።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ስንነጋገር፣ ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት እንድታነቡት የታዘዘላችሁ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶማስ ሃርዲ ልብ ወለድ «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» እንዳታከተሽ ነግረሽኝ ነበር። ታሪኩን ወደሽዋል፤ ያስቸገሩሽ ቃላቱ ናቸው። በየገጹ መዝገበ ቃላትሽ ጨርሶ የማያውቃቸው፣ ቢያውቃቸውም «ጥንታዊ» ወይም «የገጠር» ብሎ ብቻ የሚያልፋቸው ቃላት እየገጠሙሽ፣ አሁን እነርሱን እየዘለልሽ እንደምታነቢ አልደበቅሽኝም። እኔም በስልክ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ነገሩ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ለተማሪ የሚሰጠው ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እመልስልሽ ነበር፤ በእኔና በአንቺ መካከል ያለ አንድ አሮጌ ጉዳይ ስላለበት ግን በጽሑፍ ይሻላል ብዬ አሳደርሁት።

እስቲ ከመጀመሪያው ገጽ እንነሣ። የታሪኩ ዋና ሰው ሄንቻርድ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር በእግሩ ሲጓዝ ጀርባው ላይ ቅርጫት አንግቷል፤ ከቅርጫቱ አፍ የድርቆሽ ቢላዋ እጀታና «ዊምብል» የተባለ መሣሪያ ብቅ ብለው ይታያሉ። አንቺ ሁለቱንም ዘለልሻቸው። በእንግሊዝ ገጠር ድርቆሽ ተከምሮ ሲከርም በራሱ ክብደት እየተጫነ እንደ ግድግዳ ስለሚጠና በእጅ ተመዝዞ አይወጣም፤ በትልቅ ቢላዋ እየተቆረጠ፣ ከራሱ ከድርቆሹ በተገመደ ገመድ እየታሰረ ለገበያ ይቀርብ ነበር። ዊምብል ያን ገመድ ማክረሪያ ነው። አንዱ እስር የከረመ ድርቆሽ 56 ፓውንድ፣ ማለትም 25 ኪሎ ግራም ያህል እንዲመዝን ይፈለግ ስለነበር፣ አሳሪው ዓይኑም እጁም የተለማመደ ባለሙያ መሆን ነበረበት። ሃርዲ ስለ ሰውየው ኑሮ ገና ምንም ሳይነግረን፣ ሁለቱ የብረት ዕቃዎች ሙያ ያለው፣ ነገር ግን ቤትና ሥራ የሌለው ሰው መሆኑን ነግረውናል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ይህ ሰው በአንድ የገጠር ገበያ ድንኳን ውስጥ ሰክሮ ሚስቱን ጊኒ በሚባለው በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ በ5 ጊኒ ለመርከበኛ ሲሸጥ፣ እነዚያን መሣሪያዎች ያየ አንባቢ ምን ዓይነት ሰው እንደወደቀ ያውቃል።

«ያደገ ስንዴ ምኑ ነውር ሆኖ ነው ሕዝቡ በከንቲባው ላይ የሚጮኸው?» ብለሽ የጠየቅሽኝም ከዚሁ የመጣ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ቃሉ ያደገ፣ የደረሰ ማለት ስለሆነ አልፈርድብሽም። ታሪኩ በሚፈጸምበት የእንግሊዝ አውራጃ፣ በዶርሴት፣ ለሚኖር ገበሬ ግን ይህ ቃል ስለ ስንዴ ሲነገር የሚያስደነግጥ ነበር፤ በአጨዳ ወቅት ዝናብ መትቶት በዛላው ላይ እንዳለ የጎነቆለ ስንዴ ማለት ነውና። የጎነቆለ እህል ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሊጡ አይነሣም፤ ዳቦው ይተኛል፣ ውስጡም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሄንቻርድ ከ18 ዓመት በኋላ ባለጸጋ የእህል ነጋዴና ከንቲባ ሆኖ ስናገኘው፣ ከተማው የሚበላ ዳቦ ያጣው እርሱ በሸጠው እንዲህ ባለ ስንዴ ምክንያት ነው። በክብር ግብዣ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከመስኮቱ ውጭ የቆመ ሰው ሲሞግተው፣ የጎነቆለውን ስንዴ ጤነኛ ማድረጊያ ዘዴ የሚነግረኝ ካለ ደስ ብሎኝ መልሼ እወስደዋለሁ፣ ግን አይሆንም ይላል። በዚያ ሲያልፍ ይህን የሰማ ፋርፍሬ የተባለ ወጣት ስኮትላንዳዊ ዘዴውን ያውቅ ነበርና በወረቀት ጽፎ ይልክለታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወዳጅነት፣ ፉክክርና ውድቀት ሁሉ ከዚህች ቃል ይመዘዛል። ታሪኩ የተቀመጠው የእንግሊዝ የእህል ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1846 ከመሻራቸው በፊት በነበሩት ዓመታት ነው፤ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ ተጥሎ ስለነበር የአገር ውስጥ አዝመራ ሲበላሽ ዋጋው ሰማይ ይነካ ነበር። ስለዚህ ለስንዴ ጉዳት የራሱ ስም መኖሩ ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ ምዕራፍ 20 ልምጣ። እስካሁን ያልደረስሽበት ከሆነ እባክሽ እንዳትዘዪው፤ ደርሰሽበት ከነበረም ተመልሰሽ አንብቢው። እንደ ልጁ ሆና ቤቱ የምትኖረው ኤሊዛቤት-ጄን ለሄንቻርድ አንድ ነገር ልታመጣለት ስትነሣ፣ በገጠሩ አነጋገር «ባይድ» ብላ ባለህበት ቆይ ትለዋለች። እርሱም ይህን ቃል የምትናገሪ አንቺ ለአሳማ ገንዳ እጣቢ ከመሸከም በቀር ለሌላ አትበጂምን ብሎ ይጮኽባታል። ልጅቱ በእፍረት ቀላ ብላ፣ ሌላውን፣ የከተማውን ቃል ማለቴ ነበር፣ መጠንቀቅ ነበረብኝ ብላ በዝግታ ትመልሳለች። በእርግጥ ቁጣው ከቃሉ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ልጄ ብሎ ያቀፋት የመርከበኛው ልጅ መሆኗን ኋላ ተመልሳ መጥታ ከነበረችው ሚስቱ ደብዳቤ ካወቀ ገና ብዙ አልሰነበተም፤ ምሬቱን የሚወጣበት ሰበብ ሲፈልግ የገጠር ቃሏን አገኘ። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ዊምብል ተሸክሞ ይዞር የነበረ፣ ራሱም ከዚያው ገጠር የወጣ ሰው ነው። ሃርዲ እነዚህን ቃላት በጨዋ ነን ባዮች ዓይን «የአውሬው ምልክት» ይላቸዋል፤ ከዮሐንስ ራእይ የወሰደው ስም ነውና ክብደቱን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከዚህ በኋላ ያለው አንቀጽ ነው ልቤን የሚነካኝ፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሚስቱ ሽያጭ ይልቅ የሚያሳዝነኝ እርሱ ነው። ልጅቱ ቃላቷን አንድ በአንድ ትቀይራለች። ነገር ሲሳካና ሲቀና «ፌይ» ትል የነበረችው አሁን ተሳካ የሚለውን የመጽሐፍ ቃል ትጠቀማለች። «ግሬግልስ» የምትላቸውን በጸደይ ጫካውን የሚያለብሱ ሰማያዊ አበቦች በመጽሐፍ ስማቸው የዱር ሃያሲንት ትላቸው ጀመር። ወጣቶች «አብረው ይሄዳሉ» ማለቷን ትታ «ታጭተዋል» አለች። ትልቁን ጸጉራም ንብ ደግሞ «ዳምብልዶር» ትለው ነበር። ይህን ስም አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በልጅነትሽ ሌሊት በባትሪ ታነቢያቸው በነበሩት የ«ሃሪ ፖተር» መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ባለ ረጅም ጢም ርዕሰ መምህር የተሰየሙት በዚህ ንብ ነው። ደራሲዋ ስሙን የመረጠችው ሰውየው እያንጎራጎረ ሲመላለስ ስለታያት እንደሆነ ተናግራለች። ኤሊዛቤት-ጄን ዳምብልዶርን ጥላ በጨዋው ቃል «ሃምብል-ቢ» ማለት ጀመረች፤ እርሱም ቢሆን ዛሬ ጠፍቶ ሰው ሁሉ «ባምብልቢ» ነው የሚለው። ልጅቱ አፍራ የተቀበለችው ቃል ራሱ ዛሬ ጥንታዊ ሆኗል።

ከሁሉ የመጨረሻው «ሃግ-ሪድ» ነው። ሌሊት እንቅልፍ ያጣች እንደሆነ ለቤት ሠራተኞች አሮጊት ጠንቋይ እላዬ ላይ ተቀምጣ ስትጋልበኝ አደረች ትል የነበረችው ልጅ፣ አሁን «ምግብ አልፈጭ ብሎኝ ነው» አለች። የምግብ አለመፈጨትና ደረት ላይ ተቀምጦ የሚያፍን ነገር አንድ ናቸውን? ቃሉ ሲሄድ ሕመሙም ስሙን አጣ።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍሁት፤ ምክንያቱን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። የ9 ዓመት ልጅ ሳለሽ ክረምቱን አያትሽ ዘንድ አሳልፈሽ ከእርሳቸው ጋር ተመለስሽ። በማግሥቱ እንግዶች ቤታችን ነበሩ፤ አያትሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ቡና ይቆላሉ። ከእንግዶቹ አንዷ ዓይንሽ ለምን እንዳበጠ ብትጠይቅሽ፣ አጥርተሽ «ሌሊቱን ሙሉ ዱካክ ሲጫነኝ አደረ» አልሻት። እኔም በእንግዶቹ ፊት «ዱካክ የሚባል ነገር የለም! ቅዠት ነው በይ፤ ምን እንደ ገጠሬ ያናግርሻል?» ብዬ ቆጣሁሽ። እንግዶቹ ሳቁ፤ አንቺ አቀረቀርሽ። አያትሽ ምንም አልተናገሩም፤ ቡናው ግን አረረባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን ቃል ካንቺ አፍ ሰምቼው አላውቅም። አያትሽም ቤታችን ሲመጡ አንቺ ባለሽበት ቃል እየመረጡ፣ ጀምረው እየተዉ መናገር ያዙ፤ ይህን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ቅዠትና ዱካክ አንድ እንዳልሆኑ ደግሞ እኔ የገበሬ ልጅ አሳምሬ አውቃለሁ። ዱካክ ነቅተሽ ሳለ እጅ እግርሽን አስሮ፣ ድምፅሽን ዘግቶ ደረትሽ ላይ የሚቀመጠው ነው። ትክክለኛውን ቃል ይዘሽ መጥተሽ ሳለ እኔ የተሳሳተውን ሰጠሁሽ። ልጄ፣ በዚህ በድየሻለሁ፤ እናቴንም በድያለሁ። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ስለ መጽሐፉ ጥቂት ልጨምርልሽ። ሃርዲ በ16 ዓመቱ በዶርቼስተር ከተማ፣ በልብ ወለዱ ካስተርብሪጅ በተባለችው ማለት ነው፣ በአንድ የሕንፃ ነዳፊ ቢሮ ተቀጥሮ ሲማር፣ ከቢሮው አጠገብ ዊልያም ባርንስ የሚባሉ ሊቅ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ወጣቱ ሃርዲ በሰዋስው ጉዳይ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር ዳኛ አድርጎ የሚጠይቀው እርሳቸውን ነበር። ባርንስ ቄስም፣ ገጣሚም፣ የቋንቋ ተመራማሪም ነበሩ፤ ግጥማቸውን የጻፉት በዶርሴት ገበሬ ቋንቋ ነው። የውጭ ቃል እንግሊዝኛን እንዳያጥለቀልቀው ሲሉ ፎቶግራፍን «የፀሐይ ኅትመት» ብለው እስከ መሰየም ደርሰዋል። በዚህ ትንሽ ሳያበዙት አልቀሩም እላለሁ። በዋናው ነገር ግን ትክክል ነበሩ፤ የዶርሴት አነጋገር የተበላሸ እንግሊዝኛ እንዳልሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ871 እስከ 899 የነገሠው ንጉሥ አልፍሬድ ይጽፍበት የነበረው የዌሴክስ ቋንቋ ዘር መሆኑን አስረድተዋል። ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከመያዛቸው በፊት የእንግሊዝኛ ዋና የጽሑፍ ቋንቋ ያ ነበር፤ የለንደን አነጋገር መለኪያ የሆነው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። «ባይድ» እንግዲህ ከአሳማ ገንዳ የመጣ ቃል አይደለም። ባርንስ የዶርሴትን ቃላት መዝገብ ያሳተሙት በ1886 ነው፤ ሃርዲ ይህን ልብ ወለድ ያወጣውም፣ እርሳቸው ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው።

ሃርዲ ግን እንደ ባርንስ ገበሬው የተናገረውን ድምፅ ሁሉ አልጻፈም። በ1878 ለአንድ የለንደን መጽሔት በላከው ደብዳቤ፣ የአነጋገሩን ፈሊጥና ለዛ መጠበቅ እንደሚበቃ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በፊደል ማጣመም ግን አንባቢው በአነጋገሩ እንግዳነት ላይ እንዲያተኩርና ሰውየውን እንዳያይ እንደሚያደርግ ገልጿል። ስለዚህ በገጹ ላይ የተወው የገጠር ቃል ሁሉ መርጦ የተወው ነው። ሲገጥምሽ መጀመሪያ በእጁ ምን የያዘ ሰው፣ የት ቆሞ፣ ለማን እንደተናገረው ተመልከቺ፤ ግማሹ ፍቺ እዚያ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ለቀረው ጆሴፍ ራይት ከ1898 እስከ 1905 በ6 ጥራዝ ያሳተመው የእንግሊዝኛ ዘዬዎች መዝገበ ቃላት አለ። ራይት በልጅነቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ ማንበብ የተማረው በ15 ዓመቱ ገደማ ሲሆን ኋላ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። የእናትሽን ወንድም ጠይቄ በኢንተርኔት እንዲያገኝልሽ አደርጋለሁ።

ባለፈው እሑድ አያትሽ ዘንድ ሄጄ የስንዴውን ታሪክ በአማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። ከንቲባ፣ ግብዣ፣ ስኮትላንድ የሚለው ብዙም አልገረማቸውም። «ዛላው ላይ ጎነቆለ» ስል ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ውይ! የማን ዓመት ይሆን?» አሉኝ፤ የሚያውቁት ጎረቤት አዝመራ የተበላሸ ያህል። ስለ ዱካኩም ነገርኋቸውና ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ይኸው አሁንም አንዳንዴ ይጫነኛል፤ ለማን ልናገረው ብዬ ነው እንጂ» ብለው ዝም አሉ። ልወጣ ስነሣ ጠርተው መለሱኝና «ያን ስንዴ ያደርቁና ብቅል አድርገው ጠላ አይጠምቁበትም ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ መልስ አልነበረኝምና መምህርሽን ጠይቂልኝ፤ መልሱን ግን ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው ደውለሽ ንገሪያቸው።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ